ሞተሯ ውስጥ የጨመርኩት የኑግ ዘይት

ይህን ከድጃም አታውቀውም። ሃያ ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ የማታውቀውን ለማላውቃችሁ ለእናንተ መናገሩ ይቀለኛል መሰለኝ። ስሙኝ እንግዲህ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ የኑግ ዘይት እሸጣለሁ። ሚሊኒየሙን ባከበርን ማግስት፣ በመተማ በኩል የገቡ ሽማግሌ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት፣ ማኪናቸው አይከል ላይ ተበላሽታ ሊሸጧት ነው ሲባል ሰማሁ። ሄጄ አየኋት። አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ መጋረጃ አላት! ጎማ ያለው ቤት ከየት ይገኛል? አበድኩ፣ ገዛኋት። በርካሽ ያገኘኋት መስሎኝ ነበር። ለካ ገና መጀመሪያው ነው፤ ቀረጧ፣ ከካርቱም ተለምኖ የሚመጣው ጎማዋ፣ በየዳገቱ የምትጠጣው የሞተር ዘይት ሱቄን አራቆተው። ከድጃ በየማለዳው “ጣውንቴ እንዴት አደረች?” እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ደስታዋስ ቢሉ! ልጆቼን ጭኜ ወደ ደባርቅ ስወጣ፣ ወለቃ ላይ ሸክላ የሚሸጡት ሴቶች መጋረጃዋን ገልጠው ምነው ለእኛስ እንዲህ ያለ ሸጋ ቤት ይሉን ነበር። ከድጃ ራሷ ጣውንቷ ሆድ ውስጥ ሻይ አፍልታ እግሯን ዘርግታ ስትስቅ አይቻለሁ። እንደዚያ የሳቅንበት ዘመን የለንም።

መካኒኬ አያ ኑሩ ይባላል፤ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል፣ የጭልጋ ሰው ነው፣ እጁ የታመነ። አንድ ወር ለፍቶ ሞተሯን አውርዶ አደሰልኝ። መንገድ ከመውጣትህ በፊት ዘይቷን እይ ብሎም መከረኝ። አየሁ፤ ጎድሏል። ልጆቹ ተሳፍረዋል፣ የሞተር ዘይት የሚሸጠው ሱቅ ገና አልተከፈተም። በርሜል ሙሉ ኑግ ያለው ሰው ቆሞ ይጠብቃል? ኑግ ቆዳ ያለሰልሳል፣ የበር ማጠፊያ ያላላል፤ ሞተርንስ ምን ያደርገዋል አልኩ። ማንም አልመከረኝም፤ እኔው አልኩት፣ እኔው ሁለት ሊትር አንቆረቆርኩባት።

መንገዱን ሙሉ የወጥ ቁሌት ሸተተች፤ ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። በሰላም ደርሰን በሰላም ተመለስን። ሦስት ሳምንት ቆማ ላስነሳት ስሞክር ግን ሞተሩ ተጣብቆ እምቢ አለ።

አያ ኑሩ ፈታታው። ውስጡ የረጋውን የሚያጣብቅ ነገር በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

“ስገጥመው የማጣበቂያውን ማስቲሽ አብዝቼ ነው፣ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሞተርህን የገደልኩት እኔ ነኝ” አለኝ።

ያን ጊዜ ምን ይዞኝ ዝም አልኩ? የዘይት ነጋዴ ዘይት አያውቅም እንዳይሉኝ ነው? አፈርኩ፣ በቃ። ይሁን፣ ሰው ነን አልኩት። እኔ አጥፍቼ እኔው ይቅር ባይ ሆንኩ! ሁለት ወር ያለ ክፍያ ሠራልኝ፤ ማኪናዋ ዛሬም ትሄዳለች።

እሱ ግን ከዚያ ወዲህ እጁን አያምንም። ሞተር ገጥሞ ከጨረሰ በኋላ እንደገና ፈትቶ ያያል። ደንበኞቹ መጠበቅ ሰልችቷቸው ወደ ሌላ ጋራዥ ሄዱ። የማኪናዬ ዋጋ ይኸው ነው፤ የከፈለው እሱ፣ የተደሰትኩባት እኔ። ይባስ ብሎ በሰው ፊት ያመሰግነኛል፤ አንድ ቀን ፊቱን አላጠቆረብኝም ይላል።

ረመዳን ሊገባ ሲል እርስ በርስ አፉ እንባባላለን፣ ይቅር እንደማለት፤ ልማዳችን ነው። በየዓመቱ ቀድሞ ደጄ የሚመጣው አያ ኑሩ ነው። የማኪናዋን ነገር አፉ በለኝ ይለኛል። አፉ ብያለሁ እለዋለሁ። አስር ረመዳን እንዲህ አልኩት። በየትኛው አፌ?

ዘንድሮ እኔ እቀድመዋለሁ። ሰበብ አልደረድርም፣ ሳላውቅ ነው አልልም። ኑጉን እነግረውና እንዲህ እለዋለሁ፦ “አያ ኑሩ፣ አስር ዓመት የሰጠሁህን አፉታ መልስልኝ፤ የሚያስፈልገው ለእኔ ነበር።”