ላሟ እስክታስብ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ሄንክ የጆሮ ማዳመጫ አቀበለኝና፣ "ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሲናገር ዝም ብለሽ አትሰሚም፤ አፉ መቼ እንደተከፈተና መቼ እንደተዘጋ ታያለሽ" አለኝ። ሄንክ የክፍሉ ኃላፊ ነበር። እዚህ አገር አለቃ በስሙ ይጠራል። እኔ ግን ምላሴ አልታዘዝ ብሎኝ ለብዙ ጊዜ ምንም ሳልጠራው ቆየሁ። ስፈልገው ጠረጴዛው አጠገብ ሄጄ እስኪያየኝ እቆም ነበር።

መሥሪያ ቤታችን ዴን ሃግ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነበር። ሥራው የግርጌ ጽሑፍ ነው። ሆላንዶች የውጭ አገር ፕሮግራም በራሳቸው ድምፅ አያስቀዱም፤ ከሥዕሉ ሥር በደች ተጽፎ ያነቡታል። ተርጓሚው ይተረጉማል፣ መጨረሻ ላይ አራሚው ያያል። በሁለቱ መካከል ጊዜ አስገቢ አለ። እያንዳንዱ ጽሑፍ መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚጠፋ የሚወስነው እሱ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ላይ ያንን ሥራ የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ስኬቨኒንገን ባሕሩ ዳር ባለ ሆቴል አልጋ አነጥፍ ነበር። እንግሊዝኛውን ከደሴ ይዤው መጣሁ፣ ደችን በማታ ትምህርት ለቀምኩት።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ክፍሎም ናቸው። የአስመራ ሰው ናቸው፤ አዲስ አበባ ቴሌ ሲሠሩ የተማሩት አማርኛ ከእኔ የወሎ አማርኛ የጠራ ነበር። የቴፕ ማጫወቻዎቹን ክፍል የሚይዙት እሳቸው ሲሆኑ፣ ቁልፉ ከቀበቷቸው አይለይም።

"ይሄን ስትጫኚ ጽሑፉ ይገባል፣ ይሄን ስትጫኚ ይወጣል" አሉኝ። "አፍ ሲከፈት አስገቢ፣ አፍ ሲዘጋ አስወጪ። በመካከሉ ሰው አንብቦ መጨረስ አለበት። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።"

"ሰውየው ቶሎ ቶሎ ሲያወራስ፣ ጋሽ ክፍሎም?"

"ያኔ ተርጓሚውን ትለምኛለሽ፣ ያሳጥርልሻል። እምቢ ካለሽ እኔ ጋ ነይ፣ አብረን እናማዋለን።"

መጀመሪያ የተሰጡኝ ስለ ወፍ፣ ስለ ዓሣ፣ ስለ እሳተ ገሞራ የሚያወሩ ፕሮግራሞች ነበሩ። ተራኪዎቹ ረጋ ያሉ ናቸው፤ ለጊዜ አስገቢ እንደነሱ ያለ በረከት የለም። አንድ ዓረፍተ ነገር አጭር ከሆነና ብቻውን ከወጣ ዓይን ስለሚያደናግር፣ ከቀደመው ጋር አጣምሬ በሁለት መስመር አወጣው ነበር። አራሚው ንጹሕ ሥራ ነው ይለኛል። እኔም ንጹሕ ሥራ ማለት ማጣመር ነው ብዬ ያዝኩ።

ክረምቱ ሲመጣ ሄንክ ጠራኝ። ጊዜያዊ ኮንትራቴ ሊያልቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ወይ ቫስት ኮንትራት ይሰጡኛል፣ ማለት ቋሚ እሆናለሁ፣ ወይ ወደ አልጋ ማንጠፉ እመለሳለሁ። ልጄን ሶስናን ሕፃን ሆና ደሴ እህቴ ዘንድ ነበር የተውኳት። ወደዚህ ላመጣት የምችለው ቋሚ ሥራ ሲኖረኝ ብቻ እንደሆነ የውጭ ዜጎች ቢሮ ቁርጡን ነግሮኛል። ስለዚህ ሄንክ "ቋሚ" ሲል እኔ የሰማሁት "ሶስና" ነው።

"ቀልድ ሠርተሽ አታውቂም" አለኝ። "አንድ የድሮ የቴሌቪዥን ኮሜዲ መጥቷል። የከተማ ሰዎች ገጠር ገብተው የሚንገላቱበት ነው። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ሥሪ። ሜቭራው ክሎስተር ከወደደችው ተከታታዩም ኮንትራቱም ያንቺ ነው።"

ሜቭራው፣ ማለት ወይዘሮ፣ ክሎስተር ቭላርዲንገን የሚኖሩ፣ ጆሯቸው የደከመ አሮጊት ናቸው። መሥሪያ ቤቱ አዲስ ተከታታይ ሲጀምር ቴፑን ለሳቸው ያሳያል። ድምፅ ስለማይሰሙ የሚፈርዱት ጽሑፉን ብቻ ነው። ሄንክ ደግሞ የሳቸውን ቃል ሽሮ አያውቅም።

ኮሜዲው ስለ አንድ የጥርስ ሐኪምና ስለ ሚስቱ ነው። ከተማ ሰልችቷቸው እርሻ ይገዛሉ። እሱ በከረባት ያርሳል፣ የላሚቱን ጥርስ በመስተዋት ይመረምራል። እሷ ባለተረከዝ ጫማ አድርጋ ጭቃ ውስጥ ዶሮ ታባርራለች። ቴፑ ላይ የተቀዱ ተመልካቾች በየደቂቃው ይንከተከታሉ፤ እኔ እነሱን እንደ ዝናብ ድምፅ ቆጥሬ ዘለልኳቸው። ሳቅ አፍ የለው፣ ምን አገባኝ።

እንደ ቀልድ ያልታየኝ ብዙ ነገር ነበር። ሴትዮዋ ላሟን ስም አውጥታላት ታናግራታለች። ይሄ ምኑ ያስቃል? አባቴ ቦራና ዳልቻ የሚባሉ በሬዎች ነበሩት፤ ሲያርስ ውሎ ከነሱ ጋር የሚያወራውን ያህል ከእኛ ጋር አያወራም ነበር። ሴትዮዋ በረቱ ውስጥ ተቀምጣ ላሟን፣ "ወደ ከተማ እንመለስ እንዴ?" ትላታለች። ላሟ ታመነዥካለች። ቆይታ ቆይታ ሴትዮዋ፣ "እኔም እንደሱ አስቤ ነበር" ትላለች። የመጨረሻዋ ንግግር አጭር ስለሆነች እንደ ልማዴ ከጥያቄው ጋር አጣመርኳት። በሁለት መስመር፣ አንድ ላይ፣ ንጹሕ ሥራ።

ሐሙስ ሄንክ ወደ ቭላርዲንገን ሊሄድ ሲነሳ ኮቴን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ጊዜ አስገቢ እዚያ ሄዶ አያውቅም" አለኝ።

"እኔ እሄዳለሁ" አልኩት። ተከራክሮ ሲሰለቸው ተወኝ።

ሜቭራው ክሎስተር አንድ ብስኩት፣ አንድ ሻይ አቀረቡልንና ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጡ። እኔ ያየሁት ሥዕሉን ሳይሆን ፊታቸውን ነው። እያነበቡ ነበር፤ ዓይናቸው ይወርዳል፣ ይወጣል። ከንፈራቸው ግን አንዴም አልተንቀሳቀሰም።

ሲያልቅ "አሰልቺ ነው" አሉ። እዚህ አገር ሰው ሲሰለቸው "ጥሩ ነው፣ ግን" አይልም።

ሄንክ ቴፑን ማውጣት ጀመረ። ባቡር ላይ ምን ሊለኝ እንደሆነ ገባኝ። ቆይ አልኩትና ላሟ ያለችበትን ቦታ መልሼ አጫወትኩ፤ ከዚያም ፊት ለፊታቸው ሆኜ ከንፈሬን እንዲያነቡ ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ሜቭራው፣ እዚህ ጋ ምን ጎደለ?"

"ላሟ ሳታስብ መልሱን ነገርሽኝ" አሉ።

"ላም ማናገር እኮ እኛ አገር የተለመደ ነው። የሚያስቅ አልመሰለኝም።"

"እኛም አገር የተለመደ ነው" አሉ። እኔ ያላወቅኩትን ያን ቀን ነገሩኝ፤ ባላቸው እስኪሞትና ልጆቻቸው መሬቱን ሸጠው ወደዚህ ፎቅ እስኪያመጧቸው ድረስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ላም ሲያልቡ ነው የኖሩት። "ማናገሩ አያስቅም። እኔም ሁሉንም በስማቸው እየጠራሁ አናግር ነበር። የሚያስቀው ሴትዮዋ መልስ መጠበቋ ነው። ስትጠብቅ ልያት። አንቺ ከለከልሽኝ።"

ባቡር ላይ ሄንክ፣ "ሰኞ ከሰዓት ለጣቢያው ማስረከብ አለብን። ነገ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ" አለ።

"ቅዳሜና እሁድ ስጠኝ፣ ሄንክ" አልኩት። በስሙ ስጠራው ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። እሱም ሳይገርመው አልቀረም።

"ሕንጻው ይዘጋል።"

"ጋሽ ክፍሎም ቁልፍ አላቸው።"

"እሺ፣ ሰኞ ጠዋት መልሰን እናሳያታለን። ከዚያ በኋላ ግን ልመና የለም" አለኝ።

እሁድ ዕለት ከመዝሙር ቡድኔ ቀርቼ ስመጣ ጋሽ ክፍሎም በሩ ላይ ጠበቁኝ። "እናንተ ጴንጤዎች ሰንበትን እንዲህ ታከብሩታላችሁ?" አሉኝ።

"በሬው ጉድጓድ ከገባ በሰንበትም ይወጣል፣ ጋሽ ክፍሎም።"

"ያንቺ እንኳ ላም ናት" አሉና በሩን ከፈቱልኝ።

ቅዳሜ ጀምሬ ያጣመርኩትን ሁሉ እየፈታሁ ነበር። መፍታቱ ቀላል ነው። የከበደኝ ባዶውን መተው ነው። ጽሑፍ የሌለበትን ሥዕል ሳይ ሥራ የፈታሁ እየመሰለኝ እጄ ወደ ቁልፉ ይሄዳል። ድምፁን አጠፋሁት፤ እንደ ሜቭራው ክሎስተር ሆኜ በዓይኔ ብቻ አየሁ። ያኔ ነው ሴትዮዋ ላሟን ስትጠይቅ ዓይኖቿን በተስፋ ማፍጠጧን፣ ላሟም ጆሮዋን ማወዛወዟን ያየሁት። ስንት ጊዜ አልፌበት ነበር፤ ግን ያየሁት አፍ ብቻ ነው።

ጋሽ ክፍሎም ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ። ላሟ ጋ ስንደርስ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"ምን አሳቀዎት?"

"ሰው ላም ያማክራል እንዴ? እኔ የአስመራ ልጅ ነኝ፤ ጥብሱን እንጂ በሬውን አላውቀውም" አሉኝ። ከዚያ ረጋ ብለው፣ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲሉ ሰምተሻል? ለቅመሽ ጨርሰሻል፤ ሂጂ አሁን ተኚ" አሉ።

ሰኞ ጠዋት እንደገና ቭላርዲንገን፣ እንደገና አንድ ብስኩት። ሴትዮዋ ጠየቀች፤ ጥያቄው ወጣ፣ ጠፋ። ሥዕሉ ባዶውን ቀረ። ላሟ አመነዠከች። ሜቭራው ክሎስተር ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። መልሱ ሲወጣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን በመዳፋቸው ይዘው ሳቁ፤ ሳቃቸውም ከቀጣዩ ንግግር አልፎ ሄደ። ሲጨርሱ ወደ ሄንክ ዞረው፣ "የሚቀጥለው መቼ ነው?" አሉት። ምስጋናቸው ይኸው ነበር። በዚያው ሳምንት ቋሚ ሆንኩ።

ሶስና በሚቀጥለው ዓመት መጣች። አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ የምነግራትን ሁሉ በልቤ ደርድሬ ነበር የሄድኩት። የአየር መንገዱ ሠራተኛ እጇን ይዛ አመጣቻት። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና፣ "እትዬ ትርሲት አንቺ ነሽ?" አለችኝ። የደረደርኩት ሁሉ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ "አዎ፣ እኔ ነኝ" ብቻ አልኩና ሻንጣዋን ተቀበልኩ።

ቤታችን ገባን፤ ትምህርት ቤት ጀመረች፤ ደቹን ከኔ ፈጥና ያዘችው። "እማዬ" የምትለው ግን ደሴ ያለችውን እህቴን ነበር፣ በስልክ። እኔ እትዬ ነኝ። ጋሽ ክፍሎም ሊጠይቁን በመጡ ቁጥር ወጥ ቤት ጠርተው፣ "ምን ትጠብቂያለሽ? እናትሽ ነኝ፣ እማዬ በይኝ በያት እንጂ" ይሉኝ ነበር። እሺ አላልኳቸውም። እልኸኛ ነኝ። አንዳንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ገብቼ አልቅሼ እወጣለሁ፤ ግን አላልኳትም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልብስ ስተኩስ ኮሜዲው ተደግሞ ቀረበ። ሶስና ምንጣፉ ላይ ተኝታ ታያለች። ላሟ መጣች። ጥያቄው ወጣ፣ ጠፋ። እኔ ካውያውን ይዤ ቆምኩ። መልሱ ሲወጣ ልጄ በሳቅ ተገለበጠች፤ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ "እማዬ፣ አየሻት?" አለችኝ።

"አየኋት" አልኳትና መተኮሴን ቀጠልኩ።

ወደዚህ ሙያ የምትገቡ ልጆች ምክር ስትጠይቁኝ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ጥያቄና መልስ አታጣምሩ። ጥያቄውን አውጡት፣ ባዶውን ተዉት፤ መልሱን ጊዜው ሲደርስ አስገቡት።