በአሰላ መብራት የተሠራ ሳጥን

ስልክ ውስጥ ያለ ዘፈን ዘፈን አይደለም፤ ቁጥር ነው። ይህን ሳስረዳ ሰው ፊት ላይ የማየውን ነገር ስለማውቀው አሁን አሁን ማስረዳቱን ትቼዋለሁ። ቁጥሩን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀይር ዕቃ ያስፈልጋል፤ ያ ሞገድ ነው አምፕ የሚባለው ማጉያ ውስጥ ገብቶ በስፒከር ሲወጣ ድምፅ የሚሆነው። ስልኩ ራሱ ውስጥ አንድ አለ፣ ግን ርካሽ ነው፤ ሥራውን ለግብር ይውጣ ነው የሚሠራው። ቤታቸው ተቀምጠው ሙዚቃን በቁም ነገር የሚያዳምጡ ሰዎች ለዚሁ ብቻ የተሠራ ሳጥን ይገዛሉ፣ ዳክ ይሉታል። እኔ ደግሞ አሰላ ላይ፣ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር በምጠግንባት ሱቄ ውስጥ፣ ዳክ ልሠራ ተነሳሁ። አብዷል ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። ብዙም አልተሳሳቱም።

ባለቤቴ ነርስ ናት። የአርባ ምንጭ ልጅ ናት፤ አሰላ ያመጣት ምደባ ነው፣ ያስቀራት እኔ ነኝ። እናቷ እዚያ ብቻቸውን ይኖራሉ። ዓይናቸው እየደከመ ሄዶ በቅርቡ ሻይ ሲያፈሉ እጃቸው ተቃጠለ፣ ይህንንም የነገረችን ጎረቤታቸው እንጂ እሳቸው አይደሉም። ዝውውር ከጠየቀች ዓመታት ሆኗታል። ከክልል ክልል የሚደረግ ዝውውር ምን እንደሚመስል የመንግሥት ሠራተኛ ያውቀዋል፤ ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ነው የሚመጣው። መጣ። እስከ ሰኞ ጠዋት ትሄጂ እንደሆነ ተናገሪ፣ ካልሆነ ቦታውን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ ተባለች።

አዲስ አበባ ያሉ፣ በቴሌግራም የተዋወቅኳቸው አዳማጮች ሳጥኔን ሊሰሙልኝ የቀጠሩኝ ለዚያው ሰኞ ዋዜማ፣ ለእሁድ ነበር። ከወደዱት ራሳቸውም ሊወስዱት፣ ለሌሎችም ሊያሠሩኝ ቃል ገብተዋል። እንደዚያ ከሆነ ሱቄ ሱቅ ይሆናል፣ እናቷንም አሰላ አምጥተን እንጦራቸዋለን። ካልወደዱት ሱቁን ዘግቼ አርባ ምንጭ እከተላታለሁ። እንዲህ ተስማማን። ስትስማማ ግን ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም።

«እሁድ ደውልልኝ» አለችኝ። «ሰኞ የምመልስላቸው አንተ የምትለኝን ነው።»

ስለ ሳጥኑ ልንገራችሁ። ልቡ አንዲት የጥፍር ያህል ቺፕ ናት። ከውጭ የመጣ ሰው በሻንጣው ነው ያመጣልኝ፣ ሁለተኛ የለኝም። ሌላውን የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ካገኘሁት ሰበሰብኩ፤ ትራንስፎርመሩን ከሞተ ቴፕ ነው የነቀልኩት። ገጣጥሜ ስከፍተው ድምፁ ጥሩ ነበር፣ ከሥሩ ግን «እምምም» የሚል ነገር አለ። ዘፈኑ ሲቆም ይሰማል፣ ሲቀጥል ይደበቃል፣ መኖሩን ግን ታውቀዋለህ። ለወራት ያን እምምታ ሳሳድድ ኖርኩ። ሽቦ ቀየርኩ፣ የመሬት ሽቦ ቀበርኩ፣ ሳጥኑን በቆርቆሮ ለበድኩት። እምቢ አለ።

በመጨረሻ የደረስኩበት ወፍጮ ቤቱን ሳይ ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት ወፍጮ ቤት አለ፤ አዝመራ ገብቶ ስንዴው ሲጎርፍ ሞተሩ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። እሱ ሲነሳ የሰፈሩ መብራት ይደክማል፣ አምፖሉ እንደ ጧፍ ይሆናል። መብራቱ ሲደክም ለቺፗ የሚደርሰው ኃይል ያንሳል፣ ያኔ ነው የሚያጉረመርመው። የወፍጮውን ባለቤት ለግማሽ ቀን እንኳ ቢያርፍልኝ ብዬ ለመንኩት። «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ሕዝቡ ዱቄት ይብላ ወይስ ያንተን ዘፈን?» አለኝ። እውነቱን ነው። መብራት የሚያረጋጋ ስታብላይዘር አገባሁበት፤ ስታብላይዘሩ ራሱ ቋ ቋ እያለ ሌላ ጣጣ አመጣብኝ። ነቅዬ ጣልኩት።

ስለዚህ ትራንስፎርመሩን ፈትቼ ሽቦ ጨምሬ እንደገና ጠቀለልኩት፤ የሚመጣው ቢያንስም የሚያወጣው እንዲበዛ። ከፈትኩት። ወፍጮው እየፈጨ፣ ስፒከሩ ዝም። እምምታው ጠፋ። ሱቄ ውስጥ ብቻዬን እንደ ሞኝ ሳቅሁ። ያን ቀን ከኔ የበለጠ ደስተኛ ሰው አርሲ ውስጥ የነበረ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ለባለቤቴ አሰማኋት። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ የድሮ ዘፈን ከፈትኩላት። ሰማች፣ ከዚያ ግንባሯን ቋጠረች። ዘፋኙ ስንኙን ከመጀመሩ በፊት የሚስበውን አየር ሰምታው ኖሯል። ይሄ ሰውዬ ደረቱ ደህና አይደለም፣ ሐኪም ሊያየው ይገባ ነበር አለችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከሰማኋቸው ምስጋናዎች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ዘፈኑን ደግማ አስከፈተችኝ። ሁለተኛው ላይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ እኔም ወደ ወፍጮ ቤቱ ዞር አልኩ።

እሁድ በማለዳ ሳጥኑን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ላይ እንጫነው ቢለኝ ጮኽኩበት። ወደ ቆላው ወርደን ዴራ ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን፣ ጋቢውን ገለጥ አድርጌ አየር ሰጠሁት፤ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ሕፃን መስሏቸው አንገታቸውን አሰገጉ።

አዲስ አበባ የተቀበሉኝ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ሳሎናቸው ለኑሮ ሳይሆን ለማዳመጥ የተሠራ ነው፤ አንድ ወንበር መሐል ላይ አለ፣ ከእሳቸው በቀር የሚቀመጥበት የለም። ሌሎቹ አዳማጮች ዙሪያውን ይዘዋል። ሰውየው ትሑት ናቸው፤ ከዚያ ወንበራቸው ተነስተው እኔን አስቀመጡኝ። መብራታቸውን በኩራት አሳዩኝ፤ ጥግ ላይ የቆመ ትልቅ ስታብላይዘር፣ መርፌው ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ላይ ቀጥ ብሎ የማይነቃነቅ። ያን መርፌ አየሁት። ወላሂ አየሁት! አሰላ ውስጥ የኔ ቴስተር እንዲህ ያለ ቁጥር አሳይቶኝ አያውቅም። ደስ አለኝ እንጂ ሌላ ነገር አልመጣልኝም፤ የተራበ ሰው ማዕድ ሲያይ እንደሚሆነው ነው የሆንኩት።

«በል ልጄ፣ እንስማው» አሉኝ።

ሰካሁት። ለደካማ መብራት የጠቀለልኩት ትራንስፎርመር ሙሉ መብራት አገኘ። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ከዚያ ከክዳኑ ሥር ቀጭን ጢስ። ነቀልኩት፣ ግን ድሮ አልፏል። ክዳኑን ስከፍተው የቺፗ ጀርባ እንደ ተቆላ ገብስ ተሰንጥቋል። አንዲት ኖታ እንኳ አልሰሙም። በደካማ መብራት አሳድጌው በደህና መብራት ገደልኩት። ማንም አልሳቀብኝም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ሰውየው ትከሻዬን ይዘው ሌላ ጊዜ ታመጣዋለህ አሉኝ። ሌላ ጊዜ የሚባል ነገር እንደሌለኝ በምን አፌ ልንገራቸው?

ከዚያ ቤት እንደ ወጣሁ ስልኬን አወጣሁ። ስሟን አየሁት። «ተቃጠለ» የሚለውን ቃል በስልክ ማለት አልቻልኩም። ደውላ ድምፄን እንዳትሰማው ብዬ አጠፋሁት። ፊት ለፊት ነው የምነግራት፣ ቃሌን ሳትሰማ አትመልስላቸውም አልኩ። እንዲያውም ወስኜ ነበር፤ ሱቁን እዘጋለሁ፣ አርባ ምንጭ እንሄዳለን፣ እናቷን እንጦራለን። የማታ መኪና አጥቼ እዚያው አደርኩ፤ ሰኞ መኪናው ወደ አሰላ ዳገቱን ሲያያዘው ይህን እያሰብኩ ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር ማለት እችላለሁ።

ቤት ስገባ እኩለ ቀን አልፏል። ምሳ አቅርባ ትጠብቀኛለች። ጋቢውን ፈትቼ ሳጥኑን አሳየኋት። ሽታው ገና አልለቀቀውም ነበር።

«ሰሙት?»

«ሳይሰሙት ተቃጠለ። መብራታቸው ደህና ነው፣ የኔ ሥራ ነው የተበላሸው። ተዪው። እናትሽ ጋ እንሂድ፤ ተነሽ፣ አሁኑኑ ሄደሽ እሺ በያቸው።»

አልተነሳችም። እጇን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች።

«ጠዋት ሄጄ አልፈልግም አልኳቸው» አለች። «እዚያው ቆሜ ሌላዋን ልጅ ጠርተው ሰጧት። ለእማዬም እኛ እናመጣሻለን፣ ነይ ብያታለሁ።»

ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ሳትቆጣ ነው የመለሰችልኝ፤ የጎዳኝም እሱ ነው።

«ስልክህ ዝግ ነበር። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ሰምቼዋለሁ። እንዴት አይወዱትም ብዬ ልጠርጥር?»