ዳቪዴ ያሸነፈ ዕለት

ከጋሸና የወጣሁት ገና ሳይነጋ ነው። ጋሸናን የማታውቋት ካላችሁ፣ የላሊበላው መንገድ ከወልዲያና ከጎንደሩ መንገድ የሚገነጠልባት፣ ነፋስ የማያጣት ከተማ ናት። እናቴ እዚያ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ትሸጣለች። ልጄ አብዱ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር። ከነቃ እግሬ አይነሣም ብዬ ስለፈራሁ ሳልስመው ወጣሁ። እናቴ እስከ መንገዱ ሸኘችኝና «ስለ ልጁ አታስቢ፣ እኔ አለሁ። ብቻ ተመለሺ» አለችኝ። ሚኒባሱ ሲነሣ ዞሬ አላየኋትም። ትንሽ ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው አሁን አብዱ ጢም አብቅሏል።

ቤይሩት የገባሁበት ቤት ክፉ አልነበረም። በዚያ ከተማ ብዙ እህቶቼ ያዩትን አበሳ ስለማውቅ፣ ይህን ስናገር እንኳ ያሳፍረኛል። እመቤቲቱ ሲልቪያ የምትባል ጣሊያናዊት ናት፤ ባሏ እዚያ የሥራ ውል ነበረው። ዳቪዴ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፣ የአብዱ እኩያ። እኔ ካልያዝኩት እንቅልፍ አይወስደውም። ውሉ አልቆ ወደ አገራቸው ሲመለሱ «ልጁ ካንቺ አይለይም፣ አብረሽን ነይ» አለችኝ። እኔም ወደ ልጄ በመሄድ ፈንታ ከሰው ልጅ ጋር ሄድኩ።

ኑሯቸው ሞዴና አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ፣ እነሱ ፐርሜሶ የሚሉትን፣ ላወጣ ፖሊስ ዘንድ ስቀርብ ከመስታወቱ ኋላ ያለው ሰውዬ የት እንደተወለድኩ ጠየቀኝ። ጋሸና አልኩት። ኮምፒዩተሩ ላይ ፈልጎ ፈልጎ «ጋሸና የሚባል ቦታ የለም» አለ።

«እኔስ ታዲያ ከየት መጣሁ?»

«እሱንማ የምጠይቅሽ እኔ ነኝ። አጠገቡ የታወቀ ነገር የለም?»

ላሊበላ ስለው ፊቱ በራ። ሚስቱ ማየት የምትመኘው አገር ነው አሉ። ላሊበላ ተወለደች ብሎ ጻፈና፣ በይ ዓለቱን እንዴት እንደፈለፈሉት አጫውቺኝ ብሎ ያዘኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ስደተኛ ሁሉ ያጉረመርማል። እኔ ላሊበላን የማውቃት ቅዳሜ ገበያ ስሄድ ነው፤ ሙስሊም ነኝ፣ ውስጡን እንኳ አላየሁም። ግን ፈቃዱን እንዳይከለክለኝ ብዬ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ስተርክ ቆየሁ። አሁንም ወረቀቴ ላይ የላሊበላ ተወላጅ ነኝ።

አገሩን ወደድኩት ወይስ ለመድኩት፣ አላውቅም። ጉሙ ልክ የጋሸና ነው፣ ፊታችሁ የቆመውን ሰው አታዩትም። በጋው ግን ያፍናል፤ ከአስፋልቱ ሙቀት ይነሣል፣ እፍ የሚል ነፋስ የለም። ፖሌንታ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ አላቸው። ቅቤ የለው፣ በርበሬ የለው፣ አቀዝቅዘው በቢላዋ ይቆርጡታል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን እናቴ ብታየው ምን ትል ይሆን ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ከዚያ ብቻዬን አለቀስኩ።

ዳቪዴ ስምንት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ጎካርት አስለመደው። መሬት ሊነካ ምንም የማይቀረው፣ ጣሪያ የሌለው ትንሽ መኪና ነው። ልጁ ፈጣን ነበር። ቅዳሜና እሑድ ከአንዱ መወዳደሪያ ወደ ሌላው ስንዞር፣ እኔ ለመካኒኮቹ ምግብ እሠራለሁ። ሾፌር መመገብ ለእኔ አዲስ አይደለም፣ በዚያው ነው ያደግኩት። አንድ ቀን የሌላ ቡድን መካኒኮች ጠረኑ ስቧቸው ሲያልፉ «ኑ እንብላ» ብዬ አስቀመጥኳቸው። የኛ አለቃ ወደ ጎን ጠራኝና እነዚህ ተቀናቃኞቻችን ናቸው አለኝ። «ቢሆኑስ፣ አይርባቸውም?» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ምግብ የማቀርብበትን ድንኳን በመጋረጃ ጋረደው።

ዓመት ዓመትን ሲወልድ የዳቪዴን ነገር ሁሉ አወቅሁ። ማርሽ ሲስት ከድምፁ እለያለሁ፤ ሲፈራ የሚያሳክከው የትኛው እጁ እንደሆነ አውቃለሁ። አብዱ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ግን እናቴን እጠይቃለሁ። አንድ ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ከእሷ ቀሚስ ኋላ ተደብቆ ሰላም አለኝ። እሷን «እማ» ይላል፣ እኔን «እትዬ»፣ እንደ ታላቅ እህት። ልክ ነው፣ ማን አሳደገው? ዳቪዴ ፎርሙላ አራት ይግባና ጠቅልዬ እሄዳለሁ አልኩ። ይቺ ከጎካርት ቀጥላ የምትመጣው ውድድር ናት፣ በቴሌቪዥን ወደምታዩት ወደ ትልቁ የሚያወጣ የመጀመሪያው ደረጃ። ገባ። አልሄድኩም።

ከዚያ ጦርነቱ አገራችን ገባ፣ ስልክም ተዘጋ። በየማለዳው እደውላለሁ፤ ያቺ የታወቀች ድምፅ ብቻ ማግኘት አይችሉም ትለኛለች። ድስት ሳማስል ዱዓ አደርጋለሁ። ለማንም አልነገርኩም፤ የልጁ ውድድር ላይ የእኔን ኀዘን ይዞ መግባት ነውር መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ዳቪዴ አሸነፈ። ዝናብ ነበር፣ ሌሎቹ እየተንሸራተቱ ሲወጡ እሱ ጸንቶ አንደኛ ገባ። የዚያን ቀን፣ ወላሂ፣ ረሳሁ። ጋሸናን ረሳሁ፣ የተዘጋውን ስልክ ረሳሁ። አጥሩን አልፌ ሮጬ፣ የራስ ቁሩን እንኳ ሳያወልቅ አቀፍኩት፤ እልል አልኩ፣ ጨፈርኩ። የቡድኑ ፎቶ አንሺ ቀርጾ «የዳቪዴ ኢትዮጵያዊት እናት» ብሎ ለቀቀው። ስንቱ ወደደው መሰላችሁ።

ስልክ የተከፈተ ዕለት መጀመሪያ የሰማሁት የእናቴን ድምፅ ነው። ሸሽተው ሙጃ ገጠር፣ ዘመድ ቤት ከርመዋል። ቤታችን ተዘርፏል፣ ድስት እንኳ አልቀረም። እሷ ግን አልሀምዱሊላህ፣ አልሀምዱሊላህ ትላለች። ከዚያ አብዱ ተቀበላት።

«አየሁሽ» አለኝ።

«የት?»

«ቪዲዮው ላይ። እልል ስትዪ። ከሩቅ ከተማ የተመለሱ ጓደኞቼ ስልካቸው ላይ አሳዩኝ።» ከዚያ «እኛ ያን ጊዜ ሙጃ ነበርን። እማ አሟት ነበር» አለ።

አልወቀሰኝም። ቢሰድበኝ በተሻለኝ። ይልቅ ያ መኪና ስንት ማርሽ እንዳለው ጠየቀኝ፣ መኪና ይወዳል። ስድስት አልኩት። እሺ ብሎ ስልኩን ለእናቴ መለሰላት።

ዳቪዴ ከአራት በላይ ወዳለው ደረጃ፣ ፎርሙላ ሦስት ድረስ ወጣ። እዚያ የሚነዱት ሁሉ በየአገራቸው ያሸነፉ ልጆች ናቸው። የኛ ልጅ ከኋላ ሆነ። አንድ ጊዜ ተጋጨ፤ አጥንቱ ባይሰበርም ልቡ ተሰበረ። መኪናው ላይ ስማቸውን የሚለጥፉት ድርጅቶች አንድ በአንድ ሸሹ፣ ዓመቱ ሳያልቅ የመኪናው ወንበር ለሌላ ነጂ ተሰጠ። ማእድ ቤት መጥቶ ተቀመጠና «ዘሃራ፣ እኔ አሁን ምንድን ነኝ?» አለኝ። «ልጅ ነህ። ብላ» አልኩት። በላ፣ እየበላም አለቀሰ። ዛሬ ሕፃናትን ጎካርት ያስለምዳል፣ ደኅና ነው።

ያን ጊዜ፣ እንግዲህ መቆያ ምክንያቴ አለቀ ብዬ ነበር። አሁን የሚያስቀረኝ እፍረት ብቻ ነው። ገብቼ ምን እላቸዋለሁ? በማን እናትነት?

ባለፈው ሳምንት አብዱ ራሱ ደወለ። ደውሎልኝ አያውቅም። በሚኒባስ ረዳትነት ሲሠራ ከርሞ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፤ የሚኒባሱ ባለቤት በማግስቱ ከጋሸና ላሊበላ መሪውን ሊሰጠው ነው። «ምን ልጠንቀቅ?» አለኝ። «አንቺ ሾፌር አሳድገሻል አይደል?»

ለአሽሙር አላለውም፣ ድምፁን ሰምቻለሁ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ደስታው አፌን ፈታው። ፍሬን ኩርባው ሳይደርስ ያዝ፣ ኩርባው ውስጥ አትያዝ አልኩት። ዓይንህን ገደሉ ላይ አትጣል፣ የምትወጣበትን እይ አልኩት። መንገዱ ሲረጥብ መሪውን አታንቀው፣ በቀስታ ያዘው አልኩት። እሺ እትዬ፣ እሺ ይላል። በሕይወቴ ለልጄ እንዲህ ብዙ ነገር ነግሬው አላውቅም።

«አይዞህ፣ ብቻ አትቸኩል፣ ዳቪዴ» አልኩት።

ከወዲያ የጋሸና ነፋስ ሲያፏጭ ይሰማኛል።

«አብዱ ነኝ» አለ በቀስታ።

«አውቃለሁ፣ የኔ ጌታ።»

«ግድ የለም፣ እትዬ። ማለዳ ስለምነሣ ልተኛ» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ምሳ ሠርቼ አቀረብኩና እጄን አጥቤ ጓሮ ወጣሁ። እስካሁን ላሊበላ ገብቷል፣ ተሳፋሪውን አውርዷል። ስልኩን ይዤ፣ ከመደወሌ በፊት ስሙን ለብቻዬ ጠራሁት፤ አብዱ፣ አብዱ፣ አብዱ። ከዚያ ደወልኩ። ስልኩ ይጠራል፤ ይጠራል።