ትንፋሽ ይዤ ያደግሁበት ቤት

ባለፈው ክረምት ከግቢያችን ተከራዮች አንዷ ጉንፋን ይዟት የባሕር ዛፍ ቅጠል በድስት አፍልታ ስትታጠን፣ ሽታው በመስኮቴ ገብቶ ከተቀመጥኩበት አስነሳኝ። ወደ ልቤ ስመለስ እጄን አፌ ላይ ጭኜ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ ቆሜ ነበር። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴት ነኝ፤ ያ ሽታ ግን በአንድ አፍታ የስምንት ዓመት ልጅ አድርጎ፣ ጉለሌ፣ ከቁስቋም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ወደነበረችው ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤታችን መለሰኝ።

በዚያ ቤት አራት ነበርን። አባቴ መጋዝ ቤት ይሠራ ስለነበር ማታ ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር ሰጋቱራ ለብሶ ነበር የሚመጣው። እናቴ ጥጥ ትፈትል ነበር። ወንድሜ ደምሰው በሰባት ዓመት ይበልጠኝ ስለነበር «ጋሼ» እያልኩ ነበር የምጠራው፤ እሱም አስካለ የሚለውን ስሜን አሳጥሮ «አስካል» ይለኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ትከሻው ላይ አድርጎኝ አዲሱ ገበያ ድረስ ይወስደኝና፣ ስንመለስ እናቴ በጉልበቶቿ መካከል አስቀምጣ ጸጉሬን ትሠራኝ ነበር፤ ሠርታ ስትጨርስም ማጅራቴን ስማ ነበር የምትለቀኝ። ደስታ የሚባለው ነገር ይህ መሆኑን ያኔ አላወቅሁም። ሁልጊዜ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

አንድ ክረምት ጋሼ ለክረምት ትምህርት በዝናብ እየበሰበሰ ሲመላለስ ከርሞ ሳል ያዘው። እናቴ ጉንፋን መስሏት የባሕር ዛፍ ቅጠል እያፈላች ስታጥነው ከረመች። መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ ግን ሸሚዙ እንደ ተውሶ ልብስ ሰፋው፤ አንድ ጠዋትም የሳለበትን መሐረብ ደም ነክቶት እናቴ አየችው። በማግስቱ አባቴ ሥራውን ትቶ ሆስፒታል ወሰደው። ሲመለሱ አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዟዟረ «ሳንባው ነው አሉ» አለ።

እናቴ አላለቀሰችም። ይህን በሽታ ታውቀዋለች። ሁለት ታናናሽ እህቶቿ በአንድ ቤት፣ በአንድ መኝታ ላይ አንዷ አንዷን ስታስታምም ተከታትለው ነበር የሞቱት። የጋሼን ፍራሽ ጠቅልላ ወደ ጓዳ አስገባችው። ከዚያ እኔን ወደ ደጅ ጠራችኝ። እንደ ወትሮዋ አጠገቧ አላስጠጋችኝም፤ ራቅ ብላ ቁጢጥ አለች።

«አስካለ፣ ስሚኝ። ከዛሬ ጀምሮ ከጓዳው ደፍ አታልፊም። እኔ በማልኖርበት ጊዜ ምግቡን ደፉ ላይ ታስቀምጫለሽ። ስታስቀምጪ ትንፋሽሽን ትይዣለሽ፣ ደጅ ወጥተሽ ትተነፍሻለሽ።»

«አንቺስ?»

«እኔ እናቱ ነኝ፣ እገባለሁ። እሱን ነክቼ ግን አንቺን አልነካም።»

«የኔስ እናት አይደለሽም?»

«ስለሆንኩ ነው» አለችኝ፤ ተነሥታም ገባች።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘነበች እዚያው ግቢ ፊት ለፊት ባለው ትልቁ ቤት ነበር የሚኖሩት። የሳንባ በሽታ መሆኑን ቢሰሙ በዚያው ቀን ዕቃችን ደጅ እንደሚወጣ ስለምናውቅ፣ «ደምሰው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የከሳው?» ብለው ሲጠይቁኝ «ጨጓራውን ነው» ማለት ተማርኩ። ጋሼም በየጠዋቱ አፉን በጋቢ ሸፍኖ መርፌ ለመወጋት ይሄዳል፣ ተመልሶ ይገባል፣ የጓዳው መጋረጃ ይወርዳል።

ጸጉሬን የሚሠራ ጠፋ። ሳምንታት አልፈው ሲንጨባረር እናቴ አየችውና እጇ ሊነካኝ ተነሥቶ መንገድ ላይ ቀረ። እሑድ ጠዋት አባቴ በርጩማ ላይ አስቀምጦ በምላጭ ላጨኝ። እናቴ በሩ ሥር ቆማ በነጠላዋ አፏን ይዛ ታይ ነበር። «መላጣዋ!» እያሉ የሰፈሩ ልጆች ሲከተሉኝ ሮጬ ገብቼ ቀሚሷ ውስጥ እንዳልደበቅ፣ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ «እዚያው ሁኚ፣ እዚያው!» ትለኝ ነበር።

በጋው እንዲህ ገባ። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ሥራ ላይ ነው፤ እናቴም የፈተለችውን ልታስረክብ ትወጣለች። ጋሼ ጋዜጣ በተለጠፈበት ግድግዳ ማዶ ሆኖ «አስካል፣ ዛሬ ምን አየሽ?» ይለኛል። እኔም ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ስለሚወርዱት ሴቶች፣ አህያ ስለጣለችው ሰውዬ፣ እትዬ ዘነበች ከዶሮዎቻቸው ጋር ስለሚጣሉት ነገር ድምፃቸውን እያስመሰልኩ አወራለታለሁ። ይስቃል። ሲስቅ ሳሉ ይነሣበታል፣ ሳሉ ሲነሣ አይቆምም፤ ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ለጥፌ መትፊያ ጣሳው ውስጥ ሲተፋ እሰማለሁ። አንድ ቀን እናቴ ሳሉ ላይ ደርሳ «ምን ብለሽው ነው?» አለችኝ። «አሳቅኩት» አልኳት። «ልትገይው ነው?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ የሚያስቅ ነገር ባይም አልነገርኩትም። «ዛሬ ምን አየሽ?» ሲለኝ «ምንም» እለው ነበር። ቆየት ብሎ መጠየቁን ተወ።

በልጉ አልፎ ሌላ ክረምት መጣ፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር። መርፌው እንደሚጠበቀው ቶሎ አላነሣውም፣ እናቴም ሌላ የምትይዘው ስታጣ የፍልሰታን ሱባኤ ቁስቋም ማርያም መዋል ጀመረች። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ፣ ቀትር ላይ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከጓዳው አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ቀጥሎ «አስካል... ውሃ» አለ።

በጣሳ ውሃ ቀድቼ ደፉ ላይ ቆምኩ። ጋሼ ከፍራሹ ወርዶ ሰሌኑ ላይ በደረቱ ተኝቷል፣ አጠገቡ ደም አለ፣ እጁ ወደ እኔ ተዘርግቷል። በመካከላችን አራት እርምጃ ቢሆን ነው። ትንፋሼን ያዝኩ። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጥኩና የአባቴን ከዘራ አምጥቼ በጫፉ ወደ እሱ ገፋሁት። ተገለበጠ። ደጅ ሮጬ ተነፈስኩና ሌላ ቀድቼ መጣሁ፤ እንደገና ገፋሁት፤ ከዘራው ከሚደርስበት አላለፈም። ጋሼ ከዘራውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ተዪው፣ በቃ። ሂጂ ተንፍሺ» አለኝ።

በክርኑ እየተጎተተ ደርሶ ጠጣ። ብዙም ሳይቆይ እናቴ ውሃ እየወረዳት ገባች፣ ነጠላዋን ጥላ ጓዳ ዘልቃ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አደረገችው፣ ግንባሩን ስትስም፣ አፉን በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግለት ከደፉ ወዲህ ሆኜ አየሁ። ስለ ከዘራው ማፈር ነበረብኝ፤ ያን ሰዓት ግን አላፈርኩም። የተሰማኝ ቅናት ነበር። አባቴ ከላጨኝ ቀን በቀር አሥር ወር ሙሉ ማንም በእጁ ያልዳሰሰኝ ልጅ ነበርኩ፤ ያን ጭን ስመለከት «እኔም በታመምኩ» አልኩ በልቤ።

በማግስቱ አደረግሁት። እናቴ ደጅ እሳት ስታነድ ከደፉ ላይ የጋሼን የውሃ ጣሳ አንሥቼ የተረፈውን ውሃ ጠጣሁ። ዞር ስል በሩ ላይ ቆማለች። መጥታ በጥፊ መታችኝ። ጆሮዬ ጮኸ፤ ጉንጬ ላይ የቀረው የእጇ ሙቀት ግን ደስ አለኝ፣ እግዜር ይወቅልኝ፣ ደስ አለኝ። ወዲያው አገጬን ይዛ አፌን በሳሙና እያጠበች፣ እያለቀሰች፣ «አንቺንም ልቅበር? ንገሪኝ፣ አንቺንም ልቅበር?» ትለኝ ጀመር። እኔ ሳሙናው ዓይኔ ገብቶ እያቃጠለኝ፣ እጇ ፊቴ ላይ እንዲቆይ ዝም ብዬ ቆምኩላት። አጥባኝ ስትጨርስ ግን እጇን እንደ እሳት ከፊቴ አነሣች፣ እስከ ክርኗም በሳሙና ታጠበች።

አልታመምኩም። ጋሼም አልሞተም። ክረምቱ ወጥቶ ሌላ በጋ ሲገባ ሳሉ እየራቀ፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ እየተቀመጠ መጣ። ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ከጋሼ ጋር ከሆስፒታል ሲመለስ አባቴ ከግቢው በር ጀምሮ «ድኗል! ድኗል!» እያለ ገባ፤ እትዬ ዘነበች «ከጨጓራው?» ሲሉት «አዎ እትዬ፣ ከጨጓራው» አለና ሰው ፊት አለቀሰ። እናቴ ፍራሹን አቃጥላ ጓዳውን በኖራ ቀባች። ጋሼ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሁለት እጆቹን ዘረጋልኝ።

«ነይ እንግዲህ፣ አስካል።»

እግሬ ወደ ኋላ ሄደ። አጥሩ ጀርባዬን እስኪነካኝ ድረስ ሄድኩ። እሱ ዓይን አፋርነት መስሎት ሳቀ፣ ያለ ሳል፣ ከልቡ ሳቀ፤ እኔ ግን ሳቁን ስሰማ ከግቢው ወጥቼ ሮጥኩ።

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ እናቴ ሚዶዋን ይዛ ጠራችኝ። ጸጉሬ ትንሽ አድጎ ነበር። በጉልበቶቿ መካከል ተቀመጥኩ፤ ጣቶቿ ማጅራቴን ሲነኩኝ ግን ሰውነቴ ተሸማቀቀ፣ ሳላስበው ተነሣሁ። «ነይ እንጂ፣ አሁን እኮ አለፈ» አለችኝ። እንደገና ጠራችኝ፤ አልተመለስኩም። ከዚያ ሚዶውን መሬት አስቀምጣ ለአባቴ «አድጋለች» አለችው። ያን ሁሉ ወር የተራብኩት እጅ መጥቶልኝ፣ መቀበል አቅቶኝ ቀረ። ከዚያ ወዲያ አልጠራችኝም።

ጋሼ አስተማሪ ሆነ፣ አገባ፣ አምስት ልጆች ወለደ። ሰው አቅፎ የማይጠግብ፣ ሲስቅ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። እኔም ጽሕፈት ተምሬ መሥሪያ ቤት ገባሁ፣ ደግ ሰው አገባሁ። ባሌ ነፍሱን ይማረውና አንድም ቀን ክፉ አልተናገረኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ «ከአንቺ ጋር ስኖር እንደ እንግዳ የተቀበልሽኝ ይመስለኛል» አለኝ። ልጄ አምስት ዓመት ሲሆናት «እማዬ፣ ስታቅፊኝ ለምን አትተነፍሺም?» ብላ ጠየቀችኝ። በሠርጌ ቀንም፣ እሷ በተወለደች ቀንም፣ ደስታ በመጣ ቁጥር ደረቴን ቆልፌ እስኪያልፍ እጠብቅ ነበር፤ ከኋላው ደም የሚከተል እየመሰለኝ።

ያቺ ልጅ አድጋ ነርስ ሆነች። አንድ ቀን ታሪኩን ስነግራት «ያን ያህል ጊዜ? መድኃኒቱ መሥራት ከጀመረ በኋላ እኮ አብዛኛው በሽተኛ ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም» አለችኝ፤ ያለችው እንዳስደነገጠኝ ስታይ ደግሞ «በእርግጥ ያኔ እናትሽ ምን ታውቃለች» አለችኝ። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ብትኖርም አልነግራትም ነበር።

ጋሼን ግን ጠየቅሁት። ከዘራውን፣ የተገለበጠውን ጣሳ፣ ሁሉንም ነገርኩትና ይቅር በለኝ አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ።

«ከዘራ? እኔ አላስታውስም» አለ። «ከዚያ ክረምት ትዝ የሚለኝ የእማዬ ጭን ብቻ ነው። ሙቀቱ እስከ ዛሬ አለ።»

ቤታችን የነበረበት ቦታ ዛሬ ፎቅ ተሠርቶበታል። ያ በሽታም እንደ ድሮው ደብቀው የሚታመሙት አይደለም፤ ልጄ እንደነገረችኝ ታማሚው ከቤተሰቡ ጋር አንድ ላይ ተቀምጦ፣ መስኮት ከፍቶ፣ መድኃኒቱን በኪኒን እየወሰደ ይድናል። እናቴ የምታውቀውን ሁሉ አድርጋ ሁለት ልጆቿን ከሞት አትርፋለች፤ በዚህ አልወቅሳትም። የልጅ ልጄ አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመጣ እናቷ ላይ ዘልላ ትጠመጠምና፣ ወደ እኔ ስትዞር ግን ሁለት እርምጃ ሲቀራት ትቆማለች። እኔን በእሷ ዕድሜ እንዳልጠጋ ቁጢጥ ብሎ የነገረኝ ሰው ነበር። እሷን ማንም አልነገራትም። «እንዴት ዋልሽ፣ እማማ?» ትለኛለች፤ እኔም ካለሁበት ሆኜ «ደህና ዋልኩ፣ የኔ ልጅ» እላታለሁ።