የመጋረጃ ትራፊ

ኮሮና የገባ ሰሞን አምቦ ፋርማሲዎች ውስጥ ማስክ ጠፋ። ከእኛ ሁለት ግቢ አልፈው የሚኖሩት አዛውንት ልብስ ሰፊ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ሚስታቸው ካወረዱት አሮጌ መጋረጃ ማስክ እየሰፉ በየበሩ አደሉ። አረንጓዴ ላይ ትልልቅ ቢጫ አበባ ያለበት ነው። የአርባ ዓመት ሰው፣ ያውም መምህር፣ አፉ ላይ አበባ ለጥፎ ሲሄድ አስቡት። በሆዴ እየሳቅሁ አመስግኜ ተቀበልኋቸው።

ብዙም ሳይቆዩ ሰውየው ሞቱ። የገደላቸው ኮሮና ሳይሆን የቆየባቸው ስኳር ነው። መሰብሰብ ስለተከለከለ ድንኳን አልተጣለም፤ ቀብሩም በጥቂት ሰው ሆነ። ጎረቤቱ ተራ በተራ እየሄደ፣ አጥሩ ጋ ራቅ ብሎ ቆሞ እያለቀሰ ተመለሰ። ሚስቴም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሄደች። እኔ "ክልክል ነው፤ መምህር ሆኜ ሕግ አልጥስም" ብዬ ቤቴ ተቀመጥሁ። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ እንኳ አልነበረም። ሰንፌ ነው። በሳምንቱ ጌዶ የዘመድ ሠርግ ነበረና፣ በሩ ተዘግቶ በተደገሰበት ግቢ ጥሬ ሥጋ ስቆርጥ ዋልሁ። ኮሮና ለለቅሶ ሁለት ግቢ አላሳልፍ ብሎኝ፣ ለሠርግ ሲሆን ጌዶ ድረስ ሸኘኝ።

ነገ እደርሳለሁ፣ አርባቸው ሲወጣ እሄዳለሁ ስል አርባውም አለፈ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው መቼም ሐዘንተኛውን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። እኔ ደግሞ ማስክ ነበረኝ። የሟቹን ሚስት ከሩቅ ሳይ እስከ ዓይኔ ሥር እስበውና የማላውቃቸው መስዬ ወደ ማዶ እሻገራለሁ። ቤት ስገባ በራሴ አፍር ነበር። በማግስቱ ግን ያንኑ እደግማለሁ።

ከዚያ ክልከላው ላላ። ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ድንኳን ተመለሰ። የሰው ማስክ መጀመሪያ አገጭ ላይ፣ ቀጥሎ ኪስ ውስጥ ወረደ፣ ኋላም ጨርሶ ጠፋ። አበባዬን ይዤ እኔ ብቻ ቀረሁ።

"ኮሮና ራሱ ሄዷል፣ አንተ ማንን ነው የምትጠብቀው?" ይሉኛል የሥራ ባልደረቦቼ።

"ሳይነስ አለብኝ" እላለሁ።

ሚስቴን ግን ማታለል አልተቻለም። "ሂድና ድረሳቸው" አለችኝ አንድ ቀን።

"አሁን ብሄድ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኛል።"

"ይበሉህ!"

አልሄድሁም።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ሁሉቃ ድልድይ ላይ ከሴትየዋ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ወዴት ልሻገር? ጥቁር እንደለበሱ ናቸው፤ ጎመን ይዘዋል።

"አካም ጅርታ፣ ልጄ?" አሉኝ።

በቃ፣ ዛሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ ብዬ ማስኩን አወረድሁ። "አዴ፣ እኔ እኮ ለቅሶ..."

"ተው፣ አታውልቀው" አሉና እጃቸውን ዘርግተው በጣታቸው የማስኩን ጠርዝ፣ ስፌቱን ዳሰሱት። "ሁሉም ጣሉት እኮ። እኔ ቤት እንኳ አንድ አልተረፈም። አንተ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ታደርገዋለህ። ከሩቅ ሳይህ የእሱን እጅ ያየሁ ይመስለኛል። ላመሰግንህ ስል ሁልጊዜ ትቸኩላለህ።"

ማስኩን መልሼ አደረግሁት። እየሸሸኋቸው እንደነበር፣ ማስኩንም የያዝሁት ለዚያ እንደሆነ መናገር ነበረብኝ።

"እሱን ያልረሳኸው አንተ ነህ" አሉኝ። "ገለቶሚ። ልጆችህ ይባረኩልህ።"

ምስጋናውንም ምርቃቱንም ተቀበልሁ። "አሜን" አልሁ፣ ጎንበስ ብዬ።

ቤታቸውን እስከ ዛሬ አልረገጥሁም። ማስኩ በኪሴ አለ። እሳቸውን ከሩቅ ባየሁ ቁጥር አውጥቼ አደርገዋለሁ።