ያላጎረስናቸው እናት

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የማዳበሪያ ሽታ ነው። ክፍሉ ቀድሞ መጋዘን ነበር፤ ቡራዩ ዳር፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጣሪያው ስር አንዲት ጠባብ መስኮት። እኔ ስገባ ሃያ አንድ ሴቶች ሆንን። የተያዝኩት ሰበታ፣ እናቴ ቤት ነው። ስልኬ ውስጥ ተገኘ የተባለውን ፎቶ እስከ ዛሬ ያሳየኝ የለም።

የክፍሉ አለቃ አንዲት ጠና ያለች ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ተማሪ ነኝ፣ ፊዚዮቴራፒ ነው የምማረው አልኳት። ምን እንደሆነ ሳስረዳት ቆይታ፣ “ማሸት ነው በይኛ! ለማሸት ነው ዩኒቨርሲቲ ድረስ የሄድሽው?” አለች። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደሷ ነበር የማስበው። ምርጫዬ ፋርማሲ ነበር፤ ውጤቴ አልበቃ ብሎ ነው እዚያ የተመደብኩት። አንድ ዓመት እንደምንም ተምሬ ለእረፍት ስመጣ፣ ለእናቴ ተመልሼ እንደማልሄድ ነግሬያት ነበር።

ጥግ ላይ አንዲት አዛውንት ነበሩ። ሁላችንም አዴ፣ እናታችን እንደማለት፣ እንላቸዋለን። ሱሉልታ ዳር ሁለት ላም ይዘው ብቻቸውን የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የታሰሩት ልጃቸው ስለጠፋ ነው፤ እሱ እጁን እስኪሰጥ እሳቸው ይቆያሉ ተባለ። ሲያመጧቸው ፒክአፑ ላይ ሰው በሰው ላይ ተጭኖ ነበር። ቀኝ ክንዳቸው በብረቱ ጠርዝና በሌላ ሰው ጀርባ መሃል እንደተጨፈለቀ መጣ። ሲወርዱ እጃቸው ከአንጓው ወደ ታች ተንጠለጠለ። መዳፋቸውን ቀና ማድረግ፣ ጣቶቻቸውን መዘርጋት አልቻሉም።

በግራ እጅ ትሪ መንካት ደግሞ አፈሩ። ስለዚህ በየተራ እናጎርሳቸው ነበር። ለማናችንም ስንቅ ሲመጣ እሳቸው ሳይጎርሱ አይበላም። በዚያ ክፍል ሰው መሆናችን ትዝ የሚለን ያኔ ነበር፤ እኔም ተራዬን እጠብቅ ነበር። ከምግብ በኋላ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እየያዝኩ እዘረጋለሁ፣ ከብስኩት ካርቶን የሠራሁትን ድጋፍ እጃቸው ስር አድርጌ በጨርቅ አስራለሁ። ከአንድ ዓመት ትምህርት የተረፈኝ ይኸው ነው።

አንድ ጠዋት ጣቶቻቸውን እንደያዝኩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ ይቺ እጅ ላም ታልባለች?” አሉኝ።

አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ግን አቃተኝ። ሥራ ካሠሯት ታልባለች አልኳቸው። ያንኑ ቀን ምሳ ሲቀርብ፣ ከዛሬ ጀምሮ አዴን ማንም እንዳያጎርሳቸው፣ እጅ የሚመለሰው በሥራ እንደሆነ ለክፍሉ ተናገርኩ። ስናገር የመምህር ድምፅ ነበር ያወጣሁት። ስለ ማሸት የሳቁብኝ ሳቅ ውስጤ እንደቀረ ያኔ አልገባኝም።

አዴ እጃቸውን ወደ ትሪው ሰደዱ። ፍርፍሩ ከጣታቸው እየሾለከ ቀሚሳቸው ላይ ወደቀ። ደጋግመው ሞከሩ። በመጨረሻ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ቅቤ ነጋዴዋ ጉርሻ ጠቅልላ ስትነሳ እጇን ያዝኩት።

“እናትሽ ብትሆን እንዲህ ታደርጊያታለሽ?” አለችኝ።

እጇን አልለቀቅኩም። ልትገፈትረኝ ስትል አዴ ቀና አሉ።

“ተዪያት። ስፈታ ከእናንተ ውስጥ ማናችሁ ናችሁ አብራችሁኝ ቤቴ የምትገቡት?”

ቅቤ ነጋዴዋ ጉርሻውን ትሪው ላይ መልሳ ተቀመጠች። አዴ ያን ቀን ምንም ሳይቀምሱ ዋሉ። እኔ በልቻለሁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መብላት ቻሉ። ከሱም ግማሹ ይፈስ ነበር። ፊታቸው ከሳ። ቅቤ ነጋዴዋ አላናግርሽ አለችኝ፣ ሌሎቹም ከአጠገቤ ራቁ። በሦስተኛው ሳምንት መዳፋቸው በትንሹ ቀና ማለት ጀመረ።

አዴ የተፈቱት ፀጉራቸውን ታጥበው ለማድረቅ እንደተቀመጡ ነው። ፖሊሱ በሩን ከፍቶ ስማቸውን ጠራና ውጡ አላቸው። ልጃቸው እጁን ይስጥ አይስጥ፣ ለምን እንደተፈቱ የነገራቸው የለም። አዴ ሻሻቸውን አነሱ።

“ቶሎ በሉ እናቴ፣ መኪናው እየጠበቀ ነው” አላቸው።

“ፀጉሬን ሳልሸፍን ከሰው ፊት አልወጣም።”

ሻሽ ለማሰር ሁለት እጅ ከጭንቅላት ኋላ መገናኘት አለበት። ቀኝ እጃቸው ደርሶ ወደቀ። እንደገና ደርሶ ወደቀ። ቅቤ ነጋዴዋ ብድግ አለችና፣ እጆቿን ብብቷ ስር ከታ ባለችበት ቆመች። ማንም አልተነቃነቀም። ፖሊሱም የበሩን እጀታ እንደያዘ ያያል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቋጠሮው ያዘ። ላልቶ ወደ አንድ ጆሮ አዘንብሏል። እንደዚያው አድርገውት ቀጥ ብለው ወጡ።

እኔ ከአንድ ወር በኋላ ስፈታ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ፋርማሲን ዳግመኛ አላነሳሁም። ሦስተኛ ዓመት ላይ መምህራችን በጫና ስለተጎዳ ነርቭ አስተማረን። እንዲህ ያለው እጅ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይመለሳል አለ። ድጋፉና ጣቶቹን መዘርጋቱ ትክክል ነው፤ እንዳይደርቁ ይጠቅማል። ማጉረስ ግን ነርቭን አይጎዳም። ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ። አዴን በከንቱ አስርቤያቸው ይሆናል።

በከንቱ ነው ብዬ እንዳልቆርጥ ደግሞ ያ ሻሽ አለ። ሌላ ሰው ቢያስርላቸው ኖሮ እንደዚያ ቀጥ ብለው ይወጡ ነበር? ይህን አሁንም አላውቅም፤ ዛሬ ግን ሲጠይቁኝ አላውቅም ማለት እችላለሁ።

አሁን ሱሉልታ አንድ ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ። አዴን ለመፈለግ ወደ ሰፈራቸው ሄጄ ነበር። ቦታው በግንብ ታጥሯል፣ ጎረቤቶቹም አዲስ ናቸው። ስትሮክ የመታቸው እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ይመጡልኛል። ልጆቹ እጃቸው አላርፍ ይላቸዋል፤ ላጉርሳት ወይ ብለው ይጠይቁኛል። መማሪያ መጽሐፍ ላይ አላነበብኩትም፣ ግን የመጀመሪያውን ጉርሻ አጉርሷቸው፣ ከዚያ ጠብቋቸው እላቸዋለሁ።