የመሪጌታ ገብረ ጻድቅ ቀይ ቀለም

የመሪጌታ ገብረ ጻድቅን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። በእሳቸው አይደለም፤ በዚያ መሥሪያ ቤትና እዚያ ውስጥ በነበርነው ሁሉ ነው። እኔ ሐሊሜ የነጋዴ ልጅ ነኝ። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ለአውራጃው መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ሰቆጣ ገበያ በር ላይ ቆሜ፣ የሚገባውን እህልና ፍየል ከየወረዳው እየለየሁ እመዘግብ ነበር። መዝገቤን ተቀብለው በትልቅ ወረቀት ላይ ግራፍ የሚያደርጉት መሪጌታ ናቸው።

መሪጌታ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ብራና ላይ ዳዊት ሲጽፉ ነው የኖሩት። ለእጅ ጽሑፋቸው ሲሉ ቀጠሯቸውና ደሴ ልከው አንድ ሳምንት ግራፍ አስተማሯቸው። ሲመለሱ ሁላችንንም በለጡን። «ሐሊሜ፣ የቁጥር ክምር ማን ያነብልሻል? ቁመቱን ካሳየሽው ግን ያልተማረውም ያየዋል» ይሉኝ ነበር። በመቃ ብዕራቸው፣ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ ዓምዶቹን ቀጥ አድርገው ያቆማሉ። ቀይ ቀለም ከእጃቸው ባይጠፋም ለግራፍ አይነኩትም። በቁም ጸሐፊዎች ወግ ቀይ የሚገባው ለእግዚአብሔርና ለቅዱሳን ስም፣ ከዚያ ደግሞ መጽሐፉ ለተጻፈለት ሰው ስም ነው። እኔ የእስላም ልጅ ይህን ተረድቼዋለሁ፤ የክርስቲያን ልጅ የሆነው ኃላፊያችን ጓድ ምንዋጋው ግን አልገባውም።

በዚያ ዓመት ከእኛው ወረዳዎች አንዱ፣ ዝቋላ፣ ዝናብ አጣ። የመሪጌታ ታናሽ እህት ወለተ ገብርኤል ከሦስት ልጆቿ ጋር እዚያው ነበረች። በየገበያው ፍየል እየነዳች ስትመጣ አያታለሁ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ኋላ ሁለት። መዝገቤም ይህንኑ ይላል። ከዝቋላ በመስከረም አርባ ጭነት እህል ገብቶ ነበር፣ በጥር ሁለት ብቻ። ፍየሉ ግን ከስልሳ ተነስቶ ሦስት መቶ ደረሰ።

መሪጌታ ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ አወጡት፤ በግራ እየወረደ የሚሄድ እህል፣ በቀኝ እየወጣ የሚሄድ ፍየል። ከሥሩ «እህሉ ስላለቀ ሕዝቡ ፍየሉን እየሸጠ ነው» ብለው ጻፉበት። በየካቲት የርዳታ እህል የሚደለድሉ እንግዶች ከክፍለ ሀገር ሊመጡ ነበርና፣ «ይህን ያየ ሰው ለዝቋላ እህል ሳይልክ አያድርም። እህቴን የሚያተርፋት ይህ ወረቀት ነው» አሉኝ።

ጓድ ምንዋጋው አየው፣ አየውና «ይሄ ለቅሶ ነው እንጂ ሪፖርት ነው?» አለ። መቀስ አስመጥቶ ወረቀቱን ከመሃል ቆረጠው። እህሉንና የሥሩን ጽሑፍ ጨምድዶ ጣለ። ፍየሉን አስቀርቶ ከላዩ «የእንስሳት ንግድ አምስት እጥፍ አደገ» አስጻፈበት። ዓምዶቹን ደግሞ ቀይ እንዲቀቧቸው አዘዘ።

«ቀይስ አይሆንም ጓድ» አሉት መሪጌታ።

«ደብተራ ሁልጊዜ ደብተራ ነው» ብሎ ሳቀባቸውና በጥቁሩ ተወው።

እንግዶቹ መጡ። ፍየል ታርዶላቸው እዚያው ግራፉ ሥር ጥብስ በሉ። አንደኛው በቅባታም ጣቱ የጥርን ዓምድ እየነካ «ዝቋላዎች ጎበዞች ናቸው» አለ፤ ጓድ ምንዋጋውም አጨበጨበ። መዝገቡ እጄ ላይ ነበር። ገልጬ ላሳይ ስል ጓድ ምንዋጋው ዓይኑን አፈጠጠብኝ፣ እኔም መዝገቡን ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። ራሴን የምጸየፈው ለዚህ ነው። እህሉ ወደ ሌላ ወረዳ ሄደ፤ ለዝቋላ የደረሰው የምስጋና ደብዳቤ ነው።

በሚያዝያ ወለተ ገብርኤል የመጨረሻዋን ፍየል ብቻዋን እየነዳች መጣች። እግሯ አብጦ ነበር። በሸጠችበት ገንዘብ አንድ ቁና ማሽላ ሸምታ ተሸክማ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቷ ሦስቱን ልጆች ይዞ ቢሮ መጣ። ከመንገድ ዳር እንደተቀመጠች ሞታ እንዳገኟትና ማሽላው ሳይፈታ ጀርባዋ ላይ እንደነበረ ነገረን። መሪጌታ አላለቀሱም፤ ልጆቹን ቤታቸው አድርሰው ተመለሱና የሚያዝያን ግራፍ ጀመሩ።

አራት ቀን ፈጀባቸው። ሲያመጡት የመጨረሻው ዓምድ፣ ከሁሉም የረዘመው፣ ቀይ ነበር።

ጓድ ምንዋጋው ከወንበሩ ሳይነሳ «አዩ መሪጌታ፣ ቀይ ሲገባበት እንዴት ያምራል!» አለና አጨበጨበ። መሪጌታ እጅ ነስተው ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ቢሮ አልተመለሱም።

እንድሰቅለው ለእኔ ተሰጠኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ ወደ ግድግዳው ሳስጠጋው ዓምዱ ቀለም የተቀባ አለመሆኑን አየሁ። ጽሑፍ ነው። ከታች እስከ ላይ፣ በዚያ ውብ የዳዊት እጃቸው፣ በደቃቁ አንድ ስም ብቻ ተደርድሮበታል፤ ወለተ ገብርኤል፣ ወለተ ገብርኤል፣ ወለተ ገብርኤል።

ምስማሩን መምታት አቃተኝ። ጓድ ምንዋጋው ከኋላዬ «ትንሽ ከፍ አድርጊው፣ ከሩቅ ይታይ» ይለኛል።